ቀይ ከቀይ አይጎራበትም

በስልሳ አምስት ዓመተ ምሕረት ቆቦ ላይ ከእህል በቀር ያልረከሰ ነገር አልነበረም። በሬ ረከሰ፣ ፍየል ረከሰች፣ ከቤት የተነቀለ የበር ሳንቃ ሳይቀር ረከሰ። ከሁሉ ይልቅ ግን የረከሰው ልብስ ነው። ከዞብል ሥር፣ ከሮቢት፣ ከዋጃ ማዶ የመጣው ሰው ገበያው ዳር ይቀመጥና ለክት ያኖራትን ይፈታታል። የሙሽራ ቀሚስ፣ የዒድ ሻሽ፣ ዘርፍ ያለው ሽርጥ ባንድ ጣሳ ማሽላ ሲለወጥ ይውላል። ኋላ ኋላ ነጋዴውም ሰለቸው። ደህና ደህናውን ይመርጥና የነተበውን፣ የተቀደደውን ልብስ ሰፊው ሸረፈዲን ደጅ ይጥለዋል፤ ሸረፈዲን ደግሞ ለመጣፊያ የሚሆነውን አስቀርቶ የተረፈውን ለኡሙሃኒ ይሰጣታል።

ኡሙሃኒ ድሪቶ ሰፊ ናት። ድሪቶ መቼም ድሪቶ ነው፤ አሮጌ ጨርቅ እየተቆረጠ፣ እየተገጣጠመ፣ ከሥሩ ጆንያ ገብቶለት የሚሰፋ የድሃ መልበሻ ነው። ብርድ ካላስገባ ቀለሙን የሚጠይቅ የለም። እሷ ግን ትጠይቃለች። ቁርጥራጩን በመዳፏ ልክ አራት ማዕዘን ታደርግና መሬት ላይ ትደረድረዋለች። ከዚያ ተነስታ እስከ በሩ ትሄዳለች፤ ዐይኗን ጠበብ አድርጋ ታየዋለች፤ ትመለስና አንዱን አንስታ በሌላው ትተካለች። ጠቆር ጠቆር ያለው ዳር ዳሩን ይይዛል፤ ወደ መሐል በተጠጋ ቁጥር ይፈካል። እያንዳንዱ ቀለም ደረጃ እንደሚወርድ ሰው ሰያፍ ይሄዳል እንጂ ከቢጤው ጋር ጎን ለጎን አይቀመጥም።

«ቀይ ከቀይ አይጎራበትም» ይሉ ነበር እናቷ። «ቀለም ከወንድሙ ጎን ሲተኛ ያኮርፋል፤ ሁለቱም ይደበዝዛሉ። መሐላቸው ባዳ ሲገባ ነው የሚነቁት።» እናቷ ይህን ሕግ የያዙት ከሶላት በፊት እንደሚታጠቡት ውዱእ ነበር። አንዲት ቦታ ውሃ ሳይነካት ከቀረች ሁሉም ፈረሰ ነው። ሥራው የሚጀመረው ከዳር ነው፤ መጨረሻ የምትገባው የመሐሏ ቁራጭ ናት፤ እምብርት ይሏታል። እምብርት ሳይገባ ድሪቶ አይታጠፍም፣ አይሰጥም።

አሁን እንግዲህ የሚያሳፍረው ነገር ይህ ነው፦ ኡሙሃኒ ዕድሜዋን ሙሉ የተመኘችው ቀለም ሁሉ በዚያ ዓመት ቤቷ ገባ። በደጉ ዘመን ካኪና ነጠላ ቅዳጅ ነበር የምትገጣጥመው። አንዲት ቀይ ከፋይ ያየች እንደሆነ ሳምንት ታልማታለች። አሁን ከፋይ በጉያ ሙሉ መጣ፤ የአሳ ቅርፊት የመሰለ አረንጓዴ ሳቲን መጣ፤ አበባ ያለበት ቺት መጣ። ጨርቁን ስታነሳው እጇ ደስ ይለዋል። ወዲያው ደግሞ የቀሚሱ ብብት ላይ የባለቤቷን ላብ ታይና «አስተግፊሩላህ» ትላለች። ትልና፣ ተመልሳ ትቆርጣለች።

ባሏ ታሂር ባለፈው መስከረም ለሰሊጥ አጨዳ ሁመራ ወርዶ ወሬው የለም። ቤት ውስጥ እሷና የስድስት ዓመት ልጇ ዓሊማ ብቻ ናቸው። ሐምሌ ገባ፤ ሰማዩ ግን ያው የጥር ሰማይ ነው።

ያን ሰሞን ነው በድረዲን የመጣው። የደሴ ሰው ነው፤ ኤንትሬ የጭነት መኪናውን እየነዳ ከኮምቦልቻ መቀሌ ይመላለሳል። ለራዲያተሩ ውሃ ሲፈልግ የኡሙሃኒ አጥር ላይ የተሰጣችውን ድሪቶ አየ።

«እቴ፣ ይቺ የማን ናት?»

«ሰፊዋ እኔ ነኝ። ገዢዋን አላውቅም።»

በእጁ ዳሰሳት። «ማይጨው ላይ ሳድር ብርዱ አጥንቴን ይፍቀዋል፤ ወላሂ። ግን ይቺ የልጅ ናት፤ እግሬን ሜዳ ላይ ትተወዋለች። ከራስ እስከ እግር የምትደርስ አንድ ሥሪልኝ።»

«በምን?»

«አንቺ ምን ትፈልጊያለሽ?»

ዓሊማ የበሩ ደፍ ላይ ተቀምጣለች። ጉልበቷ ከጭኗ ወፍሯል። ኡሙሃኒ ልጅቱን አየች። በድረዲንም አየ፤ ሌላ አልጠየቀም።

«ግማሽ ጆንያ ማሽላ» አለ። «ዛሬ ሰኞ ነው። የመጪው ሳምንት ሐሙስ፣ ገና ፀሐይ ሳይሞቅ፣ ወደ ላይ አልፋለሁ። ከመስጊዱ አለፍ ብሎ ሾላው ሥር ሁለቴ ጡሩምባ እነፋለሁ። ይዘሽ ድረሺ። ብዙ መቆም አልችልም፤ መኪና ሲቆም ሰዉ ጎማ ሥር ነው የሚገባው።»

ግማሽ ጆንያ። ቆጥበው ከበሉት፣ ከቅጠል ከሥራሥሩም ጋር እየደባለቁ፣ ለሁለት ነፍስ እስከ ጥቅምት ያደርሳል። ጥቅምት ደግሞ ታሂር ይመጣ ይሆናል፤ ዝናብም ይዘንብ ይሆናል፤ የአላህ በር ሰፊ ነው። ቤት ያለው ማሽላ ግን ዘጠኝ እፍኝ ነበር። ቀኑ አሥር ነው።

መስፋት ጀመረች።

ጎረቤቷ ደመቀች እንዝርቷን ይዛ መጥታ አጠገቧ ትቀመጣለች። ደመቀች ባሏ የሞተባት፣ ጥጥ ፈትላ የምታድር፣ አፏ እንደ ሚጥሚጣ የሆነ ሴት ናት። አሁን የሚፈተል ጥጥ የለም፤ እንዝርቷን ባዶዋን ታሾረዋለች።

«አንቺ ሴትዮ» ትላለች፣ «ይሄ የሾፌር ድሪቶ ነው ወይስ የሸህ መቃብር ልታለብሺ ነው?»

«ሁለቱም የሚተኙበት አይደል?»

«ሾፌሩ ያንኮራፋል፤ ሸሁ ዝም ይላል። ልዩነቱ እሱ ነው።»

«አንቺን ያገባ ሁለቱንም አይቷል።»

ደመቀች ትስቅና ሳቋ ሳል ይሆናል። ዓሊማ ከቁርጥራጩ መሐል ገብታ የራሷን ጨዋታ ትጫወታለች። ቢጫዋን ሙሽራ ታደርጋታለች፣ ሰማያዊውን ሚዜ። ከአረንጓዴዎቹ መሐል አሮጌዋን መርጣ አማት አድርጋ ታስቀምጣታለች፤ ጥቁሯን ደግሞ «ይቺ አትጠራም፤ ስትበላ ድምፅ ታሰማለች» ብላ ከሰርጉ ታስወጣታለች። እናቷ ከእጇ ላይ አንዷን ስትወስድባት፣

«እማ፣ ሚዜውን ወሰድሽው» ትላታለች።

«ሌላ ሚዜ እሰጥሻለሁ።»

«ሌላው ዘፈን አይችልም።»

እንዲህ እያሉ አምስት ቀን አለፈ። ጨርቁ እየሰፋ፣ ማሽላው እያነሰ ሄደ። ኡሙሃኒ የራሷን እፍኝ ግማሽ አደረገችው፤ ከዚያ ግማሹንም ለልጅቱ አደረገችው።

በስድስተኛው ቀን አመሻሽ ላይ ዐይኗ አንድ ነገር ጀመረው። ፀሐይ ዘንበል ስትል ቤቱ እንደ ጉም ይሆንባታል። በሩ የት እንዳለ በእጇ ትፈልገዋለች። በማግስቱም እንዲሁ ሆነ። ዳፍንት ነው፤ ረኃብ የሚያመጣው ዳፍንት። አውቃዋለች፤ ጉበት የበላ ሰው ይለቀዋል ይባላል። ጉበት ከየት ይመጣል? ለደመቀችም አልነገረቻትም። «ልጄን ትወስድብኛለች» ብላ ይሁን፣ «ሥራውን ተዪ ትለኛለች» ብላ ይሁን፣ እሷም ለይታ አታውቀውም። ብርሃን ሲጠፋ ጣቷ ያውቃል ብላ ነው የቀጠለችው። ሃያ ዓመት መርፌ የያዘ ጣት ዐይን አያስፈልገውም። ቁርጥራጮቹን ቀን ቀን በብርሃን በተራ ደርድራ ታስቀምጥና ሲመሽ ከተራው እያነሳች በዳሰሳ ትሰፋቸዋለች።

ዓሊማ በቁርጥራጮቹ እንደምትጫወት ግን ረሳችው።

ረቡዕ ጠዋት፣ ሾፌሩ ሊመጣ አንድ ቀን ሲቀረው፣ እምብርቷ ብቻ ነበረች የቀረችው። ድሪቶውን ደጅ አውጥታ ዘረጋችውና እንደ ልማዷ ራቅ ብላ ዐይኗን አጠበበች።

ከመሐሉ ሦስተኛው ተራ ላይ አየችው። ሰማያዊ ከፋይ መሆን የሚገባው ቦታ ቀይ ከፋይ ገብቷል። አንድ ቦታ ብቻ አይደለም፤ አምስት ቦታ። ቀይ ከቀይ ጎን፣ ቀይ ከቀይ ጎን፣ የተላጠ ቁስል መስሎ። ሰያፉ እዚያ ሲደርስ ተሰብሮ ቀርቷል። ሁለቱም ከፋይ፣ ሁለቱም በዳሰሳ አንድ ናቸው፤ ጣቷ አልዋሸም፤ ጣት ስለ ቀለም የሚያውቀው ነገር የለም።

ደመቀች መጥታ አጠገቧ ቆመች። አስተውላ አየች።

«ምኑ ነው?»

«ሦስተኛው ተራ።»

«አምሮበታል።»

«ተሰብሯል፣ ደመቀች።»

«ኧረ በማርያም! እምብርቷን አስገቢባትና ስጪው። የጠገበ ሰው አይቶ የማይለየው የተራበን ሰው ያስጨንቀዋል?»

«እኔ አይቼዋለሁ።»

«አንቺ አትለብሺውም።»

ኡሙሃኒ ተቀመጠችና ምላጯን አነሳች። አምስቱን ለማውጣት ዙሪያቸውን ያሉትን መፍታት አለባት፤ እነዚያን ለመመለስ ደግሞ ተራውን በሙሉ። በደህና ጉልበት የአንድ ቀን ሥራ ነው። አሁን ባላት ጉልበት ሁለት፣ ከሁለትም ትንሽ ያልፋል። ይህን ታውቃለች። እያወቀች የመጀመሪያውን ክር በጠሰችው።

ዓሊማ ተኝታ ታያታለች። «እማ፣ ለምን ትለያያቸዋለሽ?»

«ስለማይስማሙ።»

«ይስማማሉ። አብረው ነበር የተኙት።»

«ዝም በይ፣ የኔ እናት። ክሩ ይጠፋብኛል።»

ሐሙስ ከሱብሒ ሶላት በኋላ ብርሃኑ ፈንጠቅ ሲል ጡሩምባው ሁለቴ ተነፋ። ኡሙሃኒ ድሪቶውን ትከሻዋ ላይ ጥላ ሄደች። መሐሉ ገና ክፍት ነው፤ የሁለት ሰው ራስ ያስገባል። በድረዲን ከጋቢናው ወርዶ፣ በሩን በጀርባው ዘግቶ ቆሟል። መንገዱ ዳር ተኝቶ ያደረው ሰው እየተነሳ ነው። የሚነሳው ቀስ ብሎ ነው፤ አንዱ በእጁ ይነሳል፣ አንዱ በዱላ። ግን ይነሳል።

«እቴ፣ ቶሎ። ስጪኝና ጆንያሽን ላውርድልሽ።»

«አላለቀም፣ ወንድሜ።» ገለጥ አድርጋ ቀዳዳውን አሳየችው። «ተበላሽቶብኝ ፈታሁት። ሁለት ቀን ስጠኝ።»

በድረዲን ቀዳዳውን አየ፣ እሷን አየ፣ የሚመጣውን ሰው አየ። «ከነቀዳዳው ስጪኝ። እኔ የምለብሰው በጨለማ ነው፤ ማን ሊያየው?»

«እምብርት ያልገባው አይሰጥም።»

«እንግዲያው ድሪቶው ይቆይ። ጆንያውን ውሰጂ፤ ስመለስ ትሰጪኛለሽ። ቅዳሜ ተመላሽ ነኝ።» እጁን ወደ ጋቢናው ሰደደ። የጆንያው አፍ ታየ፤ በሲባጎ ታስሯል።

እዚህ ላይ ነው። ከዚያ በኋላ ዕድሜዋን ሙሉ ስትቆም፣ ስትቀመጥ፣ ስትሰግድ እዚህ ቦታ ትመለሳለች። እጇን መዘርጋት ብቻ ነበር። ሩቅ አልነበረም፤ አንድ ክንድ ቢሆን ነው።

አባቷ ቁርኣን አስተማሪ ነበሩ፤ ድሃ፣ ግን የሰው እጅ ያላዩ። «እጅ እያለህ እጅህን አትዘርጋ» ይሉ ነበር። ሥራውን ሳያስረክቡ ዋጋውን መውሰድ በሳቸው ቤት ከልመና አይለይም። ልመና ደግሞ መንገድ ዳር ያሉት የነዚህ ሰዎች ሐቅ ነው፤ ምንም የሌላቸው የነሱ። እሷ መርፌ አላት። ጨርቅ አላት። ይህ ሁሉ በልቧ ባንድ ጊዜ ነው ያለፈው። ሌላም ነገር ነበር፣ ኋላ ለደመቀች ብቻ የነገረችው፦ ያቺን ቀዳዳ ድሪቶ በትከሻዋ ይዛ እህል ስትቀበል ሰዉ ሁሉ እያያት ነበር። እንደነሱ እንዳትታይ ፈለገች። ሁለት ቀን ነው ብላ አሰበች። ዓሊማ ሁለት ቀን ትችላለች ብላ አሰበች።

«ሳላስረክብ አልወስድም» አለችው። «ቅዳሜ።»

«አንቺ ሴትዮ፣ ልጅሽ…»

«ቅዳሜ ኢንሻአላህ ሙሉውን ታገኘዋለህ። ኮርተህ ነው የምትለብሰው።»

አንድ ሽማግሌ የመኪናውን ጭቃ መከላከያ ያዘ። ሌላ መጣ። ሌላ። በድረዲን ዘሎ ገባ፤ ሞተሩ ጮኸ፤ ሰዉ ተከፈለለት። መኪናው ወደ አላማጣ አቅጣጫ አቧራውን አንስቶ ሄደ።

ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ፣ ከዐስር ሶላት በፊት፣ እምብርቷ ገባች። ነጭ ሻሽ ነበረች፤ ዳርዋ በጭላንጭል ብርሃን ብር የምትመስል። ኡሙሃኒ ራቅ ብላ አየችው። እናቷ ቢያዩት ከመደነቅ ብዛት ቁጭ ይሉ ነበር። ጥቁሩ ወደ ሰማያዊ፣ ሰማያዊው ወደ አረንጓዴ፣ ቀዩ በየደረጃው ብቻውን እየነደደ፣ ቢጫው እየቀለለ፣ ሁሉም ወደ መሐል ይሄዳል፤ መሐል ሲደርስ ዝም ይላል። ሰው የሠራው አይመስልም። ሃያ ዓመት ስትሰፋ ይህን የመሰለ አንድም አልወጣላትም፤ ኋላም አልወጣላትም።

አልሐምዱሊላህ አለች። ሾላው ሥር ሄዳ ቆመች። መኪና ወጣ፣ መኪና ወረደ፤ በድረዲን የለም። ብርሃኑ እየጎደለ ሲሄድ ጉሙ ዐይኗ ውስጥ ገባና አጥሩን እየተደገፈች ተመለሰች።

እሑድ ጡሩምባ የነፋ የለም። ዓሊማ ተቅማጥ ይዟታል። የተረፈችውን አንድ እፍኝ ማሽላ ቀቅላ ውሃውን አጠጣቻት፤ አልረጋላትም። ከሰዓት በኋላ በሐምሌ ሐሩር መሐል ልጅቱ መንቀጥቀጥ ጀመረች። ኡሙሃኒ ድሪቶውን አየችው። የሰው ንብረት ነው፤ አማና፣ አደራ ነው። ደመቀች ከግድግዳው ላይ አወረደችውና ራሷ አለበሰቻት።

«ይርከስ» አለች፣ ቀና ሳትል። «ይታጠባል።»

ዓሊማ ጣቷን ቢጫው ላይ አደረገች። «ሙሽራዋን አስገብተሻታል።»

«አስገብቻታለሁ።»

«ሚዜውስ?»

«እሱም አለ። ይኸውልሽ።»

«ጥቁሯን ግን ዳር ማስቀመጥሽ» አለችና ዐይኗን ከደነች፣ «ደግ አይደለም። ትብላ።»

ሰኞ ጠዋት ኡሙሃኒ ልጅቱን ለደመቀች ትታ እንደገና ሾላው ሥር ቆመች። ፀሐይ ራስ ላይ ሳትወጣ ደመቀች ከመስጊዱ በኩል ስትመጣ አየቻት። ደመቀች ስትሄድ የምትጣደፍ ሴት ናት፤ ያን ቀን እያንዳንዱን እግሯን እያነሳች መሬት ላይ ታስቀምጠዋለች። ሌላ ምልክት አላስፈለገም። አጠገቧ ደርሳ የነጠላዋን ጫፍ አፏ ውስጥ ከታ ቆመች።

«ፈልጋኛለች?» አለች ኡሙሃኒ። «ጠርታኛለች?»

ደመቀች ዋሸቻት። «አልጠራችሽም። ተኝታ ነው።»

ለከፈን ነጭ ጨርቅ ጠፋ። በዚያ ሁሉ የጨርቅ ዓመት፣ ያ ሁሉ ከፋይና ሳቲን በየደጁ ተጥሎ፣ ልጅ የሚጠቀልል ክንድ ተኩል ነጭ ጠፋ። ነጩን ሁሉ ሟቾች ጨርሰውታል። ደመቀች ለራሷ መገነዣ ብላ ፈትላ ያስቀመጠቻትን አዲስ ነጠላ ከሙዳይ አወጣች። «እኔን በጆንያም ይቀብሩኛል፤ ቁመቴ ለጆንያ ነው» አለች፤ የሳቀ የለም። አራት ሰው ሰገደባት፤ ከአራቱ አንዱ ተደግፎ ነው የቆመው።

ከቀብር ተመልሳ ኡሙሃኒ ድሪቶውን ወንዙ ድረስ ወሰደችው። ወንዙ አሸዋ ነው፤ ጉድጓድ ቆፍራ በጣሳ እየቀዳች አጠበችው። የልጇ ሽታ ያለበትን ቦታ ሁለት ጊዜ አጠበችው፣ የሰው ዕቃ ነውና። ከዚያ ለምን እንዳጠበችው ገባትና አሸዋው ላይ ተቀምጣ ድሪቶውን አፍንጫዋ ላይ አደረገችው። የእርጥብ ጨርቅ ሽታ ብቻ ነበር።

ረቡዕ ጠዋት ጡሩምባው ሁለቴ ተነፋ።

በድረዲን ጺሙ አድጓል፤ ሸሚዙ ግሪስ በግሪስ ነው። ስትመጣ ሲያይ ከሩቁ ጀምሮ መናገር ጀመረ። «እቴ፣ አፉ በይኝ። ያን ዕለት ዋጃ ላይ ሰዉ አስፋልቱ ላይ ተኝቶ ጠበቀኝ፤ ሴትም ሕፃንም። በሰው ላይ ልንዳ? የያዝኩትን ሁሉ አወረድኩላቸው፤ ያንቺንም። ከዚያ ማይጨው ላይ ማርሹ ተሰበረ፤ ዕቃ እስኪመጣ አራት ቀን። ይኸው ሌላ ይዣለሁ፤ ግማሽ አይደለም፣ ከግማሽ በላይ ነው።»

«ደግ አደረግህ» አለችው። «እነሱም ልጆች አሏቸው።»

ድሪቶውን ከትከሻዋ አውርዳ፣ አራት አጥፋ፣ በሁለት እጇ ሰጠችው። በድረዲን ዘረጋው።  በመሐል ጣቱ ከዳር እስከ መሐል በሰያፍ ሄደ።

«ሱብሃነላህ» አለ ቀስ ብሎ። «ይህን አልለብሰውም። ግድግዳ ላይ ነው የምሰቅለው።» ከዚያ ቀና አለ። «ልጅቱስ? ተሻላት?»

ኡሙሃኒ ጆንያውን ነበር የምታየው። «አላህ ወሰዳት። ሰኞ።»

የድሪቶው አንድ ጫፍ ከእጁ አምልጦ አቧራው ላይ ወረደ። አነሳችና አራገፈችው፤ መልሳ አስያዘችው።

«ውሰጂው» አለ።  «ድሪቶውንም ውሰጂው፣ እህሉንም ውሰጂ። እኔ ምን አደርገዋለሁ?»

«ያንተ ነው። ሥራውን ጨርሻለሁ፤ ዋጋውን አምጥተሃል። ብርድ እንዳይመታህ።»

በድረዲን ጆንያውን አወረደላት። ሰዉ መነሳት ጀምሮ ነበርና ገባና ነዳው።

ጆንያውን ለብቻዋ መሸከም አልቻለችም፤ ደመቀች መጣችና ለሁለት ጎተቱት። መንገድ ዳር ያሉት አዩዋቸው። ኡሙሃኒ አንድ ቦታ ቆመችና ሲባጎውን ፈታችው፤ እጅ የዘረጋ ሁሉ እፍኝ እፍኝ ወሰደ። ደግነት አልነበረም፤ ማለፍ አቅቷት ነው። ሩቡ እዚያው ቀረ። የቀረው ግን ብዙ ነበር፤ ለአንዲት ሴት ደግሞ በጣም ብዙ።

ቤት ሲገቡ ደመቀች ምጣድ ጥዳ እፍኝ ማሽላ ቆላች። ማሽላው እየፈነዳ ሽታው ቤቱን ሞላው። ኡሙሃኒ መደቡ ላይ ተቀምጣለች፤ ጭኗ ላይ ጥቂት ቁርጥራጭ ቀርቷል፤ ቀለሙን አታየውም።

«ብዪ» አለች ደመቀች።

«አልበላም።»

«ነፍስ ያንቺ አይደለችም፤ የሰጪዋ ናት። አባትሽ አላስተማሩሽም? አማና ነው። ብዪ።»

ከአራት ቀን ወዲህ በአፏ የገባ ነገር የለም። አንዲት ፍሬ አንስታ ጥርሷ መሐል አደረገቻት። መራራ ትሆናለች ብላ ነበር የጠበቀችው፤ አመድ አመድ እንዲላት፣ ጉሮሮዋ እንዲዘጋ፣ እንድትተፋት። አላህ ይህን ያህል እንኳ እንዲያዝንላት ለመነችው።

ጣፈጠቻት። ምራቋ መጣ፤ እጇ ሳታዘው ሌላ አነሳ፣ ሌላም። የቆላችው ደመቀች ፊቷን ወደ እሳቱ አዙራ ቆየች። ኡሙሃኒ እያለቀሰች አልነበረም። እያላመጠች ነበር፣ በሁለቱም በኩል፣ ቶሎ ቶሎ፣ አንዲት ፍሬ መሬት ላይ እንዳትወድቅባት መዳፏን ከአገጯ ሥር ዘርግታ።